እጅ የሚያውቀው ቤት

መስከረም 9

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሰላምታዬ ከፖስታው ቀድሞ በርዎን ያንኳኳልኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃው አያስቸግርዎትም? እኔ ደህና ነኝ። የአስራ አራት ፎቅ ሕንጻ የሚያፈስ ቧንቧና የማይዘጋ በር ሁሉ የእኔ ነው፤ ጠዋት ከምድር ቤት ጀምሬ ሥራ ስጨርስ ጣሪያ ላይ እገኛለሁ። ሌላው ኑሮዬ እንደሚያውቁት ነው።

ውሃ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የታችኛውን መታጠቢያ ክፍልና ኮሪደሩን እንዳበላሸው ከእናቴ ሰማሁ። እርስዎ ያልነገሩኝን ከእህትዎ አፍ መስማቴን ለዛሬ አልፌዋለሁ። ግን መለጠፍና መጠጋገን ይብቃን። ያደግኩበት ቤት ነው፤ መታጠቢያውን፣ ማድቤቱን፣ ሰባቱንም በሮች እንደ አዲስ እንሥራቸው። ሠራተኛ መቆጣጠር የእርስዎ፣ ዕቃ መግዛት የእኔ ይሁን።

ለመጀመሪያ ያህል አንድ ሳጥን ልኬያለሁ። ውስጡ ያለው ቧንቧ መዘውር የለውም፤ እጅ ሲጠጋው በራሱ ይከፈታል፣ ሲርቅ ይዘጋል። ከሳጥኑ ጋር የካታሎግ ፎቶዎች አሉ፦ እንደ መስታወት ልሙጥ የሆነ የመብራት ማብሪያ፣ እጀታው በሩ ውስጥ የተደበቀ በር፣ ሌላም ሌላም። በየፎቶው ሥር ቁጥር ጽፌያለሁ። የወደዱትን ቁጥር ብቻ ይጻፉልኝ።

ብሎን እያሉ የሚጠሩኝ የእህትዎ ልጅ


መስከረም 30

ብሎኔ፣

የሰው አገር ትመችህ፤ የያዝከው መፍቻ ከእጅህ አይውደቅ። ሳጥንህ ደርሶኛል፣ ፈጣሪ ይስጥልኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ከአንተ ጉልበት ጋር ላወዳድረው ዝግጁ ነኝ።

እንደ አዲስ እንሥራው ያልከውን ወድጄዋለሁ። ዕቃውን ግን እኔ ነኝ የምገዛው። ቤቱ ውስጥ የምኖረው እኔ ነኝ፣ አይደለም? ደግሞ ጊዜው ገጥሞልኛል። ከእኛ ሰፈር በታች ያለው የድሮ ማተሚያ ቤት እየፈረሰ ነው። በሩም፣ መታጠቢያውም፣ የደረጃው መደገፊያም ግቢው ውስጥ ተከምሮ ይሸጣል። ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን አስከትዬ ሄድኩ።

አሮጌ ዕቃ ሻጩ ምላሱ ቅቤ ነው። አንድ እጀታ እጄ ላይ አስቀመጠና፣

«እማማ፣ ይሄ ንጹሕ ናስ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ ነው» አለኝ።

ከቦርሳዬ ማግኔት አወጣሁና አስጠጋሁት። ጥብቅ አለ።

«ናስህ ማግኔት ይወዳል እንዴ?» ብዬ ስጠይቀው ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ቀልዱን ትቶ ደህናውን አወጣልኝ።

አንድ የእጅ መታጠቢያ ከነቧንቧዎቹ ገዛሁ። እዚሁ አገራችን የተሠራ ነው፤ ከሥሩ የፋብሪካው ማኅተም ጎርበጥ ብሎ አለ። ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ጊዜው! ጠርዙ ወፍራም ነው፤ ሳሙና ቢያስቀምጡበት አይንሸራተትም። በጥፍሬ መታ መታ ሳደርገው እንደ ደወል ጮኸ፤ ስንጥቅ ቢኖረው ዱብ ይል ነበር። ሦስት ሰው ተሸክሞ አመጣልኝ። አሁን ኮሪደሩ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጧል።

አክስትህ


ጥቅምት 12

ይድረስ ለአክስቴ፣

ጤናና ሰላም ከደጅዎ አይጥፋ። ማግኔቷን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሻጩን አዘንኩለት።

ነገር ግን እንደ ባለሙያ ልናገር። የዱሮ መታጠቢያ ይሁን፣ እሺ፣ እሱ ሸክላ ነው፤ ዘመን አይነካውም። የዱሮ ቧንቧ ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃውን የሚያግደው ጎማ ያልቃል፣ ጥርሱ ይበላል፣ ውስጡ ምን እንደተጠራቀመ አይታወቅም። እኔ እዚህ የዱሮ ቧንቧ ስነቅል ነው የምውለው፤ እርስዎ እዚያ እየገዙ ነው። ሰው ቢሰማን ምን ይለናል?

ስለ ሳጥኑም «ደርሶኛል» ብቻ ነው ያሉኝ። ተከፈተ? ተገጠመ? ስለ ፎቶዎቹ ደግሞ አንድ ቃል የለም። ሃያ ሁለት ፎቶ ነው የላክሁት፤ ሁሉም አስቀያሚ ሊሆን አይችልም። እባክዎ ይዩዋቸውና አንድ ሁለት ቁጥር ይጻፉልኝ። ለግድግዳው ልሙጥ ሸክላ መግዣ ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ሲያልቅ የግድግዳውን ፎቶ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ብሎን


ኅዳር 20

ብሎኔ፣

እንደምን ከረምክ፤ ብርዱ አይንካህ። መልሴ ዘገየ፣ አትቀየመኝ። ይህን የምትጽፍልኝ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ እኔ ጣቴን ቢላ ቆርጦኛል።

(ጸሐፊዋ ነኝ። ጣታቸው ደህና ነው። ይህን መጻፌን እንዳይነግሩብኝ።)

ስለ ቧንቧው እውነት ብለሃል፤ ሰምቼሃለሁ። የዱሮዎቹን ቧንቧዎች ለቧንቧ ሠራተኛው ሰጥቼ ውስጣቸውን በሙሉ በአዲስ አስቀይሬያለሁ። ላያቸው ብቻ ነው የዱሮ የሆነው። ሳጥኑን ለጤና ጣቢያው ሰጥቼዋለሁ፤ እነሱ እጃቸው ንጹሕ መሆን አለበት፣ ይጠቅማቸዋል። አትከፋ።

አሁን ሐሳቤን ትንሽ ለውጫለሁ። ለግድግዳው ልሙጥ ሸክላ የላክኸውን ገንዘብ ወደ ሌላ አዙሬዋለሁ። ከገበያው ጀርባ አንድ ናስ ቀላጭ አገኘሁ። በአሸዋ ላይ ቅርጽ አውጥቶ፣ የቀለጠውን ናስ አፍስሶ፣ የፈለግኸውን ይሠራልሃል። ሰባቱን የበር እጀታዎች ለእሱ አዘዝኩ፤ ሰባቱም የተለያዩ ናቸው። የመታጠቢያው እንደ እንቁላል ድብልብል፣ የማድቤቱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ የመኝታ ቤቴ ቀለበት፣ የጓዳው አጭርና ባለ ሦስት ማዕዘን፤ የቀሩትንም እንዲሁ ለየብቻ።

ለቧንቧዎቹም መዘውር አሠራለሁ፤ የሙቅ ውሃው ባለ አራት ክንፍ፣ የቀዝቃዛው ባለ ሦስት። የመብራት ማብሪያውም አገር ውስጥ የሚሠራው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ቀጭ የሚለው፣ ድምፁ ሌላ ክፍል የሚሰማው ይሁንልኝ ብያለሁ። ወለሉ ላይ ደግሞ ደረጃው ከመጀመሩ በፊት አንድ ረድፍ ሻካራ ሸክላ።

ሌላ ምን አለ? ሁሉም ደህና ነው። ናስ ቀላጩ ክረምትና በጋ ያለ ካልሲ የሚሄድ ሰው ነው፤ ሥራው ግን ጥንቁቅ ነው።

አክስትህ


ኅዳር 30

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሰላምታዬን አጭር ያደረግሁት ስለቸኮልኩ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ በሰባቱ እጀታ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። በየክፍሉ የተለያየ እጀታ። ድምፁ የሚሰማ ማብሪያ። ሻካራ ወለል ከደረጃው በፊት። ባለ ሦስትና ባለ አራት ክንፍ መዘውር። አክስቴ፣ እኔ ሥራዬ ይህ ነው። አንድም የዓይን ዕቃ አላዘዙም፤ ሁሉም የእጅና የጆሮ ነው።

ወደ ቤት ገብቼ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የጻፉልኝን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። መስመሩ እየተንሸራተተ አንዱ ሌላው ላይ ይወጣል። አንዱ ደብዳቤ ላይ የመጨረሻው ቃል ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥቶ ጎድሏል። እኔ ሁሉንም አንብቤ «ቸኩለው ነው» ብያለሁ። ሃያ ሁለት ፎቶ ልኬ ለምን ቁጥር አልመረጡም ብዬ ተቆጥቻለሁ። በራሴ አፈርኩ።

ከመቼ ጀምሮ ነው? ሐኪም ምን አለ? ማን ያውቃል?

ሥራው ይቁም። ደረጃ ባለበት ቤት ብቻዎን መኖር የለብዎትም። የእናቴ ቤት ደረጃ የለውም፤ ትርፍ ክፍልም አለ። ለእናቴ ዛሬውኑ ጽፌያለሁ፤ ለቤቱ ገዢ እንድትፈልግ ነግሬያታለሁ። እባክዎ አይቆጡ፤ ለእርስዎ ብዬ ነው።

ብሎን


ጥር 6

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥህ። ሌላውን ምርቃት ንዴቴ ሲበርድ እመርቅሃለሁ።

ይህን በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። ልብስ ሰፊዋ ወፍራም ካርቶን በመስመር በመስመር ቆርጣ እንደ መስኮት አበጅታልኛለች፤ እስክሪብቶዬ ከመስኮቱ አይወጣም። ያንተን ደብዳቤ የምታነብልኝም እሷ ናት፤ ስለዚህ የምትጽፈውን አስብበት። ስለ ጣቴ የጻፈችልህንም ነግራኛለች፤ ሚስጥር ሆዷ አይውልም።

ሁለት ዓመቱ ነው። የማየው ሁሉ መሀሉ ጠፍቷል፣ ዳሩ ቀርቷል። ሰው ሲመጣ ትከሻውን አያለሁ፣ ፊቱን አላይም። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል ብሎኛል። አለቀስኩ፤ አንድ ሳምንት አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ቤቴን ማስተካከል ጀመርኩ። ውሃው ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ሁሉም አዘኑልኝ። እኔ ግን እሰይ አልኩ፤ ለማፍረስ ምክንያት አገኘሁ። ለአንተ ያልነገርኩህ ይህንኑ ደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ ነበር። ጻፍከው።

እናትህ ሁለት ገዢዎች ይዛ መጣች። ባልና ሚስት ናቸው፣ ጨዋ ሰዎች። ኮሪደሩ ጨለማ ነበር፤ ሰውዬው ግድግዳውን ሲደባብስ እኔ ቀጭ አድርጌ አበራሁለት። ወደ ላይ ስንወጣ፣

«ደረጃው አስራ አንድ ነው፣ የመጨረሻው ከፍ ይላል» አልኩት።

«አያስቡ፣ አየዋለሁ» አለኝ፤ አሥረኛው ላይ ጨረስኩ ብሎ ኖሮ በአፍጢሙ ተደፋ። እጁን ይዤ አነሣሁት። ሻይ ጠጥተው ሄዱ። እናትህ ብርጭቆውን አጠበች። ወጥታ ስትሄድ፣

«ያ ልጅ ምን ነክቶት ነው ቤቱን ሽጪ የሚለኝ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ ያለህ አንተ ነህ።

አሁን ስማኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስልክ ቤት ሠርቻለሁ። ሁለት መቶ መስመር በጣቴ እየሰካሁ፣ እየነቀልኩ፣ ዓይኔ መዝገብ ላይ እያለ። እጄ ዓይኔን ጠይቆ አያውቅም። እናትህ ቤት ብሄድ የማላውቀው ቤት ውስጥ ዓይነ ስውር ነኝ። እዚህ ግን ባለቤት ነኝ። እዘንልኝ አላልኩህም፣ ስለ ቧንቧ ነው የጻፍኩልህ።

ልትረዳኝ ከፈለግህ አንድ ነገር አለ። የቧንቧ ሠራተኛው የመታጠቢያ ክፍሉን ፕላን በወረቀት ሥሎ ያሳየኛል። ለእኔ ነጭ ወረቀት ነው። በጣቴ የማነበው ፕላን ከቻልክ ሥራልኝ። ካልቻልክም ተወው፣ ሌላ መንገድ አላጣም።

አክስትህ


ጥር 25

ይድረስ ለአክስቴ፣

ከነንዴትዎ ፈጣሪ ያቆይልኝ።

አጥፍቻለሁ። ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ሳልጠይቅዎ ገዢ መጥራቴ ድፍረት ነው። ለእናቴም ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ እሷም ጊዜዋን ወስዳ ሰድባኛለች። ሰውዬው ደረጃው ላይ መውደቁን ስሰማ ግን፣ ይቅርታ ያድርግልኝና፣ አልቻልኩም፣ ሳቅሁ።

ባለፈው ሳምንት እሑድ ሕንጻው ባዶ ሲሆን ዓይኔን በመሐረብ አሰርኩ። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበትን ሦስተኛ ፎቅ አውቀዋለሁ ብዬ። በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እጀታ ነው ያላቸው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ቧንቧው ያው በራሱ የሚከፈተው፣ ለእርስዎ የላክሁት ዓይነት ነው። የት እንዳለ የሚነግረኝ የለም። እጄን ወዲያና ወዲህ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሳወናጭፍ ኃላፊዬ ገባ። «ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ። «የአክስቴን ቤት እያደስኩ ነው» አልኩት። እብድ መስዬው ይሆናል፤ ግን ቁጭ ብሎ አዳመጠኝ።

ፕላኑን ልኬያለሁ። የቧንቧ ሠራተኛው የለካውን በስልክ ተቀብዬ ነው የሠራሁት። ግድግዳው ከካርቶን የተቆረጠ ነው፤ የሙቅ ውሃ መስመር ወፍራም ገመድ፣ የቀዝቃዛው ቀጭን ሽቦ። መታጠቢያው ባለበት ቦታ ትልቅ ቁልፍ ሰፍቻለሁ፤ የልብስ ቁልፍ ነው። በሩ በጨርቅ ማጠፊያ ይከፈታል። ከሙቁ መስመር ላይ አንድ ቫልቭ ጨምሬያለሁ፤ ውሃው ቆዳ እስኪያቃጥል ድረስ እንዳይሞቅ ይከለክላል። ይህችን ብቻ እምቢ እንዳይሉኝ።

ብሎን


መጋቢት 3

ብሎኔ፣

ዕድሜህ ይርዘም፣ ወገብህ ይጽና፣ የደከምክበት ሁሉ ይቃናልህ። ንዴቴ በርዷል ማለት ነው።

ካርቶንህ አንጀቴን አራሰው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ግማሽ ቀን በጣቴ ሄድኩበት። በመጨረሻም ስህተት አገኘሁብህ። የመታጠቢያው በር ወደ ውስጥ ሲከፈት ቁልፏን ይመታታል። ቧንቧ ሠራተኛውን ጠርቼ «በሩ ወደ ውጭ ይዙር፣ አለዚያ መታጠቢያዬን ይሰብረዋል» አልኩት። ሜትሩን አውጥቶ ለካ። ደግሞ ለካ።

«ማን ነገረዎት?» አለኝ።

«ካርቶኑ።»

ቫልቭህን አስገብቼልሃለሁ፤ እምቢ የሚያሰኝ ነገር የለውም።

ሥራው ሰኞ አለቀ። ውሃው ሲከፈት ሁሉም እንደ ሠርግ ቤት ተሰብስቦ ነበር። መዘውሩን ያዝኩ፤ ሦስት ክንፍ። አዞርኩት፤ ሙቅ ወጣ! ቧንቧ ሠራተኛው አገላብጦ ገጥሞታል።

«እማማ፣ ውሃው ያው ውሃ ነው፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለ።

«ልዩነቱ ቆዳዬ ነው» አልኩት። ፈትቶ አስተካከለው። ካስተካከለው ወዲህ ሌላ ቤት ሲሠራ ሙቁ በስተቀኝ ነው ወይስ በስተግራ ብሎ ቀድሞ እንደሚጠይቅ ነግሮኛል።

እናትህ ሐሙስ ዕለት መጥታ ታጥባ፣ ጸጉሯን አድርቃ፣ ቤቱን ዞራ ዞራ ዳሰሰችው። ስለ ገዢ አላነሣችም። «ያንን የተጠማዘዘውን እጀታ ለእኔም ማድቤት እዘዢልኝ» ብላ ሄደች።

ላዝዝላት ስሄድ ናስ ቀላጩ ሌላ ሰው ያዘዘውን አሥራ ሁለት እጀታ ደርድሮ አገኘሁት። አንዱን አንሥቼ አውራ ጣቴን አሳለፍኩበት፣ በጥፍሬም መታሁት፤ ዱብ አለ። «ይሄ ሆዱ ውስጥ አየር ይዟል፤ ይሰበራል» አልኩት። አላመነም፤ ዋጋ ለማስቀነስ የምል መሰለው። በመጋዝ ሲቆርጠው ውስጡ ባዶ ጉድጓድ ነበረው። ከቀሩት መሀል ሁለት ሌላ አወጣሁለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በፊት እሱ ጋር ነኝ። ያፈሰሰውን ሁሉ እኔ ሳልዳስሰው ከሱቁ አይወጣም። ደሞዝ አለኝ፣ መቀመጫ አለኝ፣ መቀመጫዬም ከምድጃው ራቅ ያለ ነው። ስለዚህ ገንዘብ መላክህን አቁም። ለራስህ ካልሲ ግዛበት፤ እናትህ ትጨነቃለች።

አክስትህ


መጋቢት 22

ይድረስ ለአክስቴ፣

ለባለ ደሞዟ አክስቴ እንኳን ደስ ያለዎት። ደብዳቤውን ለኃላፊዬ ተርጉሜ አነበብኩለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕንጻችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትልቅ አዳራሽ አለ። ከዚህ ወር ጀምሮ እዚያ የሚማሩት ዓይናቸው ብዙ የማያይ ሰዎች ናቸው፤ ከእሑድ በቀር በየቀኑ ይመጣሉ። አዳራሹን፣ ቢሮውን፣ ሁለቱን መጸዳጃዎች፣ ጓዳውንና መውጫውን በእጀታቸው እንዲለዩ ኃላፊዬ መላ ጠየቀኝ። ዕቃ አቅራቢዎቻችንን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ያላቸው አንድ ዓይነት ነው። እኔም፣ «የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፤ ሩቅ ነው እንጂ» አልኩት።

ስድስት እጀታ እንፈልጋለን፣ ስድስቱም የተለያዩ። የብሎን ቀዳዳዎቹን ልክ በካርቶን ቆርጬ ልኬያለሁ። ቅርጹን እርስዎ ይምረጡ፤ እኔ አልገባበትም። ዋጋውን ናስ ቀላጩ ይጻፍልኝ፣ የዘመድ ቅናሽ እንዳያደርጉ።

ብሎን


ሚያዝያ 19

ብሎኔ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ ለኃላፊህም ሰላም በልልኝ።

ስድስቱ እጀታዎች ዛሬ ጠዋት ተጭነዋል። ቅናሽ አላደረግንም። ለአዳራሹ ሰፊ መዳፍ የሚሞላ፣ ለቢሮው ቀጭን፣ ለመጸዳጃዎቹ አንዱ ድብልብል አንዱ ባለ ማዕዘን፣ ለጓዳው አጭር። ለመውጫው ብዙ አሰብኩ። ሰው ደንግጦ ሲሮጥ እጁ የሚፈልገው ምንድን ነው ብዬ፣ ረጅምና ወደ ታች የሚጎተት፣ ከየትም ቢይዙት የማያመልጥ አደረግሁት።

የዚህን የመውጫውን እጀታ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መለስኳቸው። ከጀርባው፣ በሩን በሚነካው በኩል፣ ትንሽ ሻካራ ነገር ነበረበት። ናስ ቀላጩ ደክሞት ነበር፤ ሙቀቱም ከብዶታል።

«ኧረ በፈጠረሽ! ከጀርባ ነው፤ ማንም አያየውም» አለኝ።

«ስለ ማየት ማን አነሣብህ?» አልኩት።

መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ እንደገና አሸዋውን መንፋት ጀመረ። ሦስተኛው ከአሸዋው ሲወጣ ቀዝቅዞ እስኪያዝ ድረስ ሁለታችንም ጠበቅን። መጀመሪያ እኔ ያዝኩት። ከላይ እስከ ታች፣ ከፊት እስከ ጀርባ ሄድኩበት። የሚያሰናክል ነገር አጣሁ።

ስትገጥመው አትቸኩል። ገጥመህ ስትጨርስ በሩን አንዴ አንተው ክፈትና ዝጋልኝ። ከዚያ ሰዎቹ ይግቡ።

አክስትህ